ባል፣ ባለቤት፣ ባለ ዕጣ

ኤድመንተን ዛሬ ሞፈርና ቀንበር የሚታይበት ሰፈር አይደለም። ሰሜን ለንደን፣ ኢንፊልድ ውስጥ ነው። ፎር ስትሪት ላይ አውቶቡስ ከአውቶቡስ ኋላ ተሰልፎ ይውላል፤ በኤድመንተን ግሪን ገበያ የቱርኩም፣ የጋናውም፣ የሶማሌውም፣ የእኛውም ጉሊት ጎን ለጎን ነው፤ ኖርዝ ሰርኩላር የሚሉት መንገድ ድምፁ ቀንም ሌሊትም አይቋረጥም። ስሙ ግን የእርሻ ስም ነው። ንጉሥ ዊልያም አገሩን ቆጥሮ ባስመዘገበበት፣ እ.ኤ.አ. በ1086 በተጠናቀረው የዱምስደይ መዝገብ ላይ ቦታው «አደልሜቶኔ» ተብሎ ሰፍሯል። የቦታ ስም አጥኚዎች ቃሉን ለሁለት ይከፍሉታል። መጀመሪያው ኤድሄልም የሚባል ሰው ስም ነው። ሁለተኛው «ቱን» ነው፤ በጥንቱ እንግሊዝኛ አጥር ግቢ ወይም የእርሻ ይዞታ ማለት ሲሆን፣ ኋላ «ታውን» ለሚለው ቃል መነሻ ሆኗል። እንግዲህ ኤድመንተን ማለት የኤድሄልም እርሻ ማለት ነው። ሰውዬው ዛሬም በየአውቶቡሱ ግንባር ላይ ይነበባል። እዚያ እርሻ ላይ ስታርም፣ ስታጭድ፣ ስታልብ የኖረች ሴት ግን ስሟ የትም አልተጻፈም።

እርሻ በማን ስም ይጻፋል የሚለው ነገር በእኛም አገር ገና ያልተቋጨ ክርክር ነው። በአማራ ክልልም ሆነ በሌላው ገጠር የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር የአባላት መዝገብ ሲገለጥ የሴቶቹ ስም ከወንዶቹ ያንሳል። በየስብሰባው ምክንያቱ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ የታወቀ ነው፤ «የግንዛቤ እጥረት» ይባላል። ሴቶቹ ራሳቸው ሲጠየቁ ግን ሌላ ነገር ያነሳሉ። ባል ከገባ ሁለት ጊዜ መክፈሉ ምን ይጠቅማል ይላሉ። ስብሰባው የሚጠራው ላም በሚታለብበት፣ እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት ነው ይላሉ። ገንዘቡን ከፍለን መቼ ይደርሰናል ይላሉ። እነዚህ ሂሳቧን የምታውቅ ሴት ጥያቄዎች ናቸው። ግንዛቤ ቢጎድል እንኳ ጉድለቱ መጀመሪያ ሴቲቱ በተጠራችባቸው ቃላት ላይ ነው። ገበሬ፣ አርሶ አደር፣ አባወራ፣ አባል፣ ዕጣ የሚሉትን ቃላት አንድ በአንድ ብንፈትሽ ብዙዎቹ ውስጣቸው ወንድ ተቀምጦ እናገኛለን።

ከኤድመንተን ሰፈር ቋንቋ እንጀምር። እንግሊዞች ገበሬን «ፋርመር» ይሉታል። ቃሉ ከአፈርም ከማረሻም አልመጣም፤ መነሻው በመካከለኛው ዘመን ላቲን «ፊርማ» የሚባለው ቁርጥ ክፍያ ነው። በየዓመቱ ይህን ያህል እከፍላለሁ ብሎ መሬት የያዘ ሰው ፋርመር ተባለ፤ ከጊዜ በኋላ ክፍያው ተረስቶ እርሻው ቀረ። እኛ ሰነድ ላይ የምናኖረው ፊርማም በጣልያንኛ በኩል የገባ የዚሁ ሥር ልጅ ነው። የሁለቱም አያት ማጽናት፣ ማረጋገጥ የሚል የላቲን ግስ ነው። በእንግሊዝ አፍ ገበሬ ማለት ከመጀመሪያው ቁርጥ ክፍያ የተዋዋለ ሰው ማለት ነበር።

«ሀዝባንድ» ደግሞ ባል ነው። ቃሉን ወደ እንግሊዝ ያመጡት ከስካንዲኔቪያ የመጡት ሰፋሪዎች ናቸው። በእነሱ አፍ «ሁስቦንዲ» ሲባል «ሁስ» ቤት፣ «ቦንዲ» ደግሞ ነዋሪ፣ ባለ ይዞታ ገበሬ ነው። ጀርመኖች ገበሬን «ባወር» የሚሉትም ከዚሁ የመኖር ግስ ቤተሰብ ነው። ሀዝባንድ መጀመሪያ ቤትና መሬት ያለው ሰው ነበር፤ ሚስት ያገባ ሰው የሆነው ኋላ ነው። ግብርና ራሱ «ሀዝባንድሪ» ተብሎ ተጠራ፤ የእንስሳት እርባታ እስከ ዛሬ በዚህ ስም ይጠራል። በሌላ በኩል «ዋይፍ» የሚለው ቃል በጥንቱ እንግሊዝኛ ሴት ማለት ብቻ ነበር፤ ቤትም፣ መሬትም፣ ይዞታም አልተጨመረበትም።

ወደ አማርኛ ስንመለስ ነገሩ ቁርጥ ራሱ ነው። ባል ከግዕዙ ባዕል የመጣ ነው፤ ጌታ፣ ባለንብረት፣ ባለጸጋ ማለት ነው። ዕብራይስጡም «ባዓል» ሲል ባልንም የንብረት ባለቤትንም በአንድ ቃል ይጠራል። ባለሱቅ፣ ባለመሬት፣ ባለሥልጣን ስንል በየቃሉ ፊት የሚቆመው «ባለ» ከዚሁ የወጣ ነው። ሚስት ግን ከብእሲት የመጣች ናት፤ በጊዜ ብዛት «በ» ወደ «መ» ተለውጦ ነው፤ ምሽት የሚለው የድሮ አነጋገርም መንገዱን ያሳያል። ብእሲት ማለት ሴት ነው። ጎጃምና ኤድመንተን ሳይመካከሩ ወንዱን በንብረቱ፣ ሴቷን በጾታዋ ጠሩ።

አንድ ቃል ግን ከዚህ ያመልጣል፤ ባለቤት የሚለው ነው። በአጥንቱ ከ«ሁስቦንዲ» ጋር መንትያ ቢሆንም በአማርኛ ባልም ሚስቱን «ባለቤቴ»፣ ሚስትም ባሏን «ባለቤቴ» ይላሉ። ሁለቱም የቤቱ ባለ ናቸው። የዚህ ቤተሰብ ሌላዋ አባል ባልቴት ናት። ሊቃውንት ባዕልት ከሚለው የግዕዝ ቃል ጋር ያዛምዷታል፤ ባዕልት የባዕል አንስታይ ናት፣ የቤት እመቤት። በአማርኛ ግን ባልቴት ማለት ያረጀች ወይም ባሏ የሞተባት ሴት ሆነ። ቃሉ በዝምታ አንድ ነገር ይነግረናል፤ ሴት ባለንብረት ለመባል ባሏ እስኪሞት መጠበቅ ነበረባት። የኅብረት ሥራ መዝገብ ላይ ያሉትን ሴቶች ብንጠይቅም ብዙዎቹ ባላቸው የሞተባቸው ወይም የተፋቱ ናቸው።

ገበሬ ከእነዚህ ሁሉ ንጹሕ ሥር ያለው ነው። ገብረ በግዕዝ ሠራ፣ አደረገ ማለት ነው። ቅዳሴ የሚመራው ካህን «ገባሬ ሠናይ» ሲባል መልካም ሠሪ ማለት ነው። ከዚሁ ሥር ግብር ወጣ፤ ግብር ሥራም ነው፣ ለመንግሥት የሚከፈልም ነው፣ መኳንንት የሚያበሉት ድግስም ነው። ከፋዩም ገባር ተባለ። ስለዚህ ፋርመር ከክፍያ ተነስቶ ወደ እርሻ ሲሄድ ገበሬ ከሥራ ተነስቶ፣ ገባር የሚለውን ከፋይ ወንድሙን ጎኑ ይዞ፣ እዚያው ደረሰ። የሥሩ ትርጉም ቢከበር ኖሮ የምታርመው፣ የምትጎለጉለው፣ የምታጭደው፣ ዘር የምትመርጠው ሴት ከማንም በፊት ገበሬ ነበረች።

ያልሆነችው በአንድ ዕቃ ምክንያት ነው። በሰሜኑ የበሬ እርሻ አገር ሴት እርፍ አትጨብጥም፤ ነውር ነው። ገበሬነት የሚለካው ደግሞ እርፍ በመጨበጥ ነው። መሬት ኖሯት ባል የሌላት ሴት መሬቷን በእኩል ወይም በሲሶ ለሌላ አራሽ ትሰጣለች፤ የምርቱ ትልቅ ድርሻ ገና ከአውድማ ሳይነሳ ሄደ ማለት ነው።

ይህ ነውር ሕግ አውጪዎችንም አስጨንቋል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት ዐዋጅ ቁጥር 31 ማንኛውም በግሉ ለማረስ ፈቃደኛ የሆነ ሰው ጾታ ሳይለይ መሬት እንዲያገኝ ደነገገ። ለዘመኑ ትልቅ ቃል ነበር። ያው ዐዋጅ በቅጥር ሰው ማሳረስን ሲከለክል ግን ሌላ መተዳደሪያ የሌላትን ሴት ከክልከላው ነጻ አደረጋት። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ መሬት ሰጥተዋት በሬውን ማን ይጥመድላት? ዐዋጁ በአንድ አንቀጽ ሴቷን ገበሬ አላት፤ በሌላው አንቀጽ ገበሬነቷ የሌላ ሰው እጅ እንደሚፈልግ አመነ።

ከዚያ ወዲህ የመንግሥት አማርኛ ገበሬን ትቶ «አርሶ አደር» የሚለውን መረጠ። አረሰ የግዕዙ ሐረሰ ነው። አደረ ደግሞ ከኀደረ የመጣ ነው፤ ኀደረ ኖረ፣ ተቀመጠ ማለት ሲሆን ማኅደርም ከዚያው ነው። አርሶ አደር ማለት በማረስ የሚኖር ነው፤ ወዝ አደር በወዙ፣ አርብቶ አደር በከብቱ እንደሚኖር ማለት ነው። የኖርሱ «ቦንዲ» ከመኖር ግስ ተነስቶ ገበሬ እንደ ሆነ ሁሉ የእኛም ኀደረ በሌላ መንገድ እዚያው ደረሰ። ሰዋስዉን ግን ልብ በሉ። «አርሶ» ውስጥ «እሱ» አለ። ሴት ብትሆን «አርሳ» ነው የምንለው። ስለዚህ «ሴት አርሶ አደር» የሚለው የሪፖርት ቋንቋ ሴቲቱን የወንድ ግስ አልብሶ ያወጣታል። «አርሳ አደር» ግን ማንም ብሎ አያውቅም። አደረ ለሴት ሲሆን ያገኘው መንገድ ከዚህ የከፋ ነው። «ሴተኛ አዳሪ» በፊደሉ ብቻዋን በሴትነቷ የምታድር ሴት ናት፤ ዛሬ ግን ምን ማለት እንደ ሆነ ሁላችንም እናውቃለን። አርሶ ያደረው የተከበረበት ግስ ብቻዋን ያደረችውን አዋረዳት።

እዚህ ላይ አንድ የጆሮ ስህተት እናርም። አራሽና አራስ አንድ ሥር ይመስላሉ፤ አንዱ መሬቱን፣ ሌላዋ ማሕፀኗን ያለፋች እያሉ የሚያስተሳስሩ አሉ። ዐረብኛው ግን ለየብቻ ያስቀምጣቸዋል፤ ማረስን «ሐረሠ» በሚል በ«ሐ»፣ ለአራስ የሚቀርበውን ምግብ ደግሞ «ኹርስ» በሚል በ«ኀ» ይጠራል። አማርኛ የጉሮሮ ድምፆችን ስለጣለ ሁለቱ ተገናኙ እንጂ ዝምድናስ የላቸውም። ቢሆንም አማርኛ አራሽ ሲል ወንድ፣ አራስ ሲል ሴት እንደሚታየው ማንም አይክድም።

ነውሩን የሰበረ መንደር አለ። በደቡብ ጎንደር ፎገራ ወረዳ፣ በዙምራ ኑሩ መሪነት በ1964 ዓ.ም. የተመሠረተው የአውራ አምባ ማኅበረሰብ የወንድ ሥራና የሴት ሥራ የሚባለውን ድንበር አፍርሷል። እዚያ ሴት ታርሳለች፣ ወንድ ይፈትላል፤ ሀብቱም የጋራ ነው። አውራ አምባ ውስጥ ሴት አባል ትሁን አትሁን የሚል ክርክር የለም። ማረሻው ለሁሉም ሲሆን ቃሉም ለሁሉም ይሆናል።

በቀረው አገር ግን መዝገቡ የሚሞላው በአባወራ ነው። ወራ በኦሮምኛ ቤተሰብ ነው፤ «አባ ወራ» ባል፣ «ሃደ ወራ» ሚስት ናት። ሁለቱ በአንድ ቤት አብረው ይኖራሉ፤ አንዱ ሲኖር ሌላው አይጠፋም። አማርኛውም በቤት አነጋገር እማወራ ሲል የቤቱን እመቤት ነበር። የቢሮው አማርኛ ግን ሌላ ነገር አደረገ። በቀበሌ ቆጠራና በሪፖርት ላይ «እማወራ» የምትባለው አባወራ የሌላት ሴት ብቻ ናት፤ ባሏ የሞተ፣ የተፋታች፣ ያላገባች። ያገባችው ሴት በዚህ አቆጣጠር አባወራም አይደለችም፣ እማወራም አይደለችም። በሁለቱ ቃላት መካከል ወድቃ ቀርታለች። ሴቶች ባለቤቴ ገብቷል ሲሉ የሚናገሩት ይህንኑ የቢሮ ሰዋስው ነው፤ እነሱ አልፈጠሩትም።

መሬቱ ላይ ግን ሕጉ ቀድሟል። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል በተሰጠው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ላይ የባልም የሚስትም ስምና ፎቶ አለ። ደብተሩን ከሣጥን አውጥታ የምታሳይ ሴት ጣቷን የምታሳርፈው በራሷ ፎቶ ላይ ነው። ያው ቤተሰብ በኅብረት ሥራ ማኅበሩ መዝገብ ግን በአንድ ስም፣ በአንድ ፊርማ ይገባል። ለመሬቱ ሁለት ባለ አሉ፣ ለማኅበሩ አንድ።

አባል የሚለውን ቃል ስንመረምር ይህ ነገር ይበልጥ ያስገርማል። በግዕዝ አባል ሥጋ፣ የሰውነት ክፍል ነው፤ አባለ ዘር የምንለው ከዚያ ነው። እንግሊዝኛውም «ሜምበር» ሲል ከላቲን «ሜምብሩም» ወስዶ ነው፤ እሱም እጅ፣ እግር፣ ብልት ነው። ሁለቱም ቋንቋዎች ማኅበርን አንድ ሰውነት አድርገው አሰቡ። በዚህ አስተሳሰብ ወኪል አባል ሊኖር አይችልም፤ እጅ በእግር ስም አይቆጠርም። ሕጉም ይህንኑ ይላል፤ አንድ አባል አንድ ድምፅ አለው፣ ድምፁም የሰው እንጂ የቤት አይደለም።

ይህ ክርክር በእንግሊዝም ከመቶ ዓመት በፊት ነበር። የለንደን ሠራተኞች ሱቅ በጋራ ከፍተው ዱቄትና ስኳር የሚገዙበት ዘመን ነበር። ሰፈሩም የራሱ የኤድመንተን ኅብረት ሥራ ማኅበር ነበረው፤ እ.ኤ.አ. በ1920 ከስትራትፎርድ ማኅበር ጋር ተዋሕዶ የለንደን ኅብረት ሥራ ማኅበር የተባለውን ግዙፍ ድርጅት ፈጠረ። በዚያ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ በብዙ ማኅበራት ከአንድ ቤት አንድ ሰው ብቻ አባል መሆን ይችል ነበር፤ ያ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ባልየው ነበር። ገበያ የምትሄደው ግን ሚስት ናት። በየጊዜው በግዢው መጠን የሚከፈለው ትርፍ፣ በእነሱ ቋንቋ «ዲቪ»፣ በባል ቁጥር ይመዘገባል። እ.ኤ.አ. በ1883 የሴቶች ኅብረት ሥራ ጊልድ ሲመሠረት፣ ከመሥራቾቹ አንዷ የሆነችው አሊስ አክላንድ በኅብረት ሥራ ማኅበራቱ ጋዜጣ ላይ ያነሳችው ነገር ይህን የሚነካ ነበር፤ ወንዶች እንዲመርጡ፣ እንዲተቹና እንዲሠሩ ሲጠሩ ሴቶች የሚጠሩት እንዲገዙ ብቻ ነው አለች። ጊልዱ በማርጋሬት ሉዌሊን ዴቪስ ጸሐፊነት፣ ከ1889 እስከ 1921 (እ.ኤ.አ.)፣ ካደረጋቸው ትግሎች አንዱ ከአንድ ቤት ባልም ሚስትም በየስማቸው አባል እንዲሆኑ ነው።

ጊልዱ ለሴቶቹ ማስተማሪያ ማዘጋጀቱ አልቀረም፤ ስለ ሂሳብም ስለ ምርጫም ትምህርት ሰጥቷል። ትምህርቱ ግን ከስም ጋር አብሮ ሄደ። ዛሬ በዕድሜ የገፉ እንግሊዛውያን የልጅነታቸውን የዲቪ ቁጥር በቃላቸው ይወጡታል፤ ብዙዎቹም «የእናቴ ቁጥር» ይሉታል። ስም ያልነበራት ሴት በሁለት ትውልድ የቤቱ ቁጥር የሚጠራባት ሆነች።

በእኛ አገር ይህ እንዳይሆን ያደረገ የራሳችን ታሪክ አለ፤ እሱም ማኅበር በሚለው ቃል ላይ የደረሰው ነው። ኀበረ በግዕዝ ተባበረ፣ ተጣመረ ማለት ነው። ኅብረት፣ ማኅበር፣ አብሮ፣ ተባበረ ሁሉም ከዚያ ናቸው፤ ዕብራይስጡ ጓደኛንም የማኅበር አባልንም «ኻቬር» የሚለው ከዚሁ ሥር ነው። ሴቶች ማኅበርን ማንም አላስተማራቸውም። በየወሩ በማርያም ወይም በሌላ ጻድቅ ስም ጽዋ ያነሳሉ፤ ተራ ያወጣሉ፤ የጎደለባትን ይሞላሉ። የኅብረት ሥራ ቢሮዎች ግድግዳ ላይ የማይጠፋው «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ተረትም በራሱ የሴት ተረት ነው። «ቢያብር» ያው ኀበረ ነው፤ ድሩን የምትፈትለው ደግሞ ሴት ናት።

ማኅበር የሚለውን ቃል ግን ደርግ ወሰደው። በ1968 ዓ.ም. ዐዋጅ ቁጥር 71 ገበሬ ማኅበራትን አደራጅቶ አጠናከረ፤ ከ1971 ጀምሮ የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት በደረጃ ተዋቀሩ፤ መልባ፣ ወልባ፣ ወላንድ ተባሉ። በኋለኞቹ ሁለት ስሞች ውስጥ ወል ይሰማል፤ የጋራ ማለት ነው፣ የወል ስም፣ የወል ግጦሽ እንደምንለው። በመልባ አንድ ቤተሰብ ለጓሮው እስከ 2000 ካሬ ሜትር ይተውለት ነበር፤ ወልባ ሲደርስ ይህ በግማሽ ቀነሰ። ጓሮ የማን ነው? ጎመኑ፣ በርበሬው፣ ጌሾው፣ ዶሮው የሴቲቱ ነው። ወል በሰፋ ቁጥር የጠበበው የእሷ ማሳ ነበር። ማሳ ላይ የዋለ የሥራ ነጥብ ይቆጠርለታል፤ ውኃ የቀዳች፣ የፈጨች፣ ልጅ ያዘለች ግን ነጥብ የላትም። የካቲት 26 ቀን 1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ አብዛኞቹ ማኅበራት በአጭር ጊዜ ውስጥ ፈረሱ፤ ገበሬው ከብቱንና ቆርቆሮውን ተካፍሎ ወደ ቤቱ ገባ። እናቷ በዚያ ዘመን የኖረች ሴት ዛሬ «ማኅበር ግቢ» ስትባል የምታስታውሰው የጠበበውን ጓሮ ቢሆን አይፈረድባትም። በ1991 የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 147 አባልነት በፈቃደኝነት ነው ብሎ የጀመረው ይህን ቂም ያውቅ ስለነበር ይመስላል።

የመጨረሻው ቃል ዕጣ ነው፤ የሴቶቹ ጥያቄ የሚቋጠረውም እዚህ ነው። ኩባንያ አክሲዮን ይሸጣል፤ የኅብረት ሥራ ማኅበር ግን ዕጣ ይሸጣል። ሕጉም መዝገቡም የሚያውቁት ይህንን ቃል ነው። መዝገቡን ብትከፍቱት ተራ ቁጥር፣ ስም፣ ጾታ፣ የመመዝገቢያ ገንዘብ፣ የዕጣ ብዛት፣ ፊርማ ወይም የጣት አሻራ ይላል። ዕጣ ከግዕዙ ዕፃ የመጣ ነው፤ ዕፃም ከዕፅ፣ ከእንጨት። ጥንት ዕጣ የሚጣለው በእንጨት ቁራጭ ነበርና ዕጣና እንጨት የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። የእንግሊዝኛው «ሎት» ሥሩ ዕጣ የሚጣልበት የእንጨት ቁራጭ ነው፤ ኤድመንተን ውስጥ ጎመን የሚተከልባት ትንሽ የኪራይ መሬት «አሎትመንት» የምትባለው ከዚህ ነው። በወጉ 10 ሮድ፣ ወደ 250 ካሬ ሜትር ገደማ ናት፤ ከመልባ ጓሮ አንድ ስምንተኛ።

ሴቶች ግን ዕጣን የሚያውቁት ከዕቁብ ነው። ዕቁብ ዐቀበ ከሚለው ነው፤ ጠበቀ፣ አኖረ ማለት ሲሆን ዐቃቤ ሕግም ከዚያው ነው። ፍኖተ ሰላም ገበያ ዳርም ሆነ ኤድመንተን ሳሎን ውስጥ፣ ሥርዓቱ አንድ ነው። ቡና ተፈልቶ ሦስተኛው እስኪደርስ ገንዘቡ ተቆጥሮ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል። የየአንዳንዷ ስም በትንሽ ወረቀት ተጽፎ፣ ተጠቅልሎ፣ ስኒ ውስጥ ይገባል። ስኒው ይናወጣል፤ ካሉት ልጆች ታናሹ ተጠርቶ አንዱን ያወጣል። ለሚቀጥለው ወር የቀረችው ስሟ ስኒው ውስጥ መኖሩን በዓይኗ አይታለች። ያልወጣላት የምትጠብቅበት ጊዜ የታወቀ ነው፤ ዕቁቡ ከመዘጋቱ በፊት ይደርሳታል። በዚህ አፍ ዕጣ የሚወጣልሽ ነገር ነው።

የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ዕጣ ግን የሚገዛ ነው። ትከፍያለሽ፤ ስኒው የት እንዳለ አይታይም። ትርፉ የሚከፋፈለው ኦዲት ተደርጎ፣ መጠባበቂያው ተቀንሶ፣ ጠቅላላ ጉባኤው ሲወስን ነው፤ ያ ዓመት ማዳበሪያው ዘግይቶ ወይም የስንዴው ዋጋ ወርዶ ከሆነ የሚከፋፈል ነገር ላይኖር ይችላል። ሴቲቱ መቼ ይደርሰኛል ስትል አንዱን ዕጣ በሌላው መለካቷ ነው፤ መለኪያዋም ተሞክሮ የጸና ነው። በገጠር ሴቶች ከሌሎቹ ይልቅ በቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበራት በርከት ብለው መታየታቸውም ከዚህ የመጣ ይመስለኛል፤ እዚያ የሚያስቀምጡት በስማቸው ነው፣ የሚበደሩት በስማቸው ነው፣ ጊዜውም የታወቀ ነው።

ታዲያ ለገበሬዋ የሚሆን፣ ወንድ ያልተቀመጠበት ቃል የለም ወይ? አንድ አለ። አምራች። ምርት ድሮ በአውድማ ላይ ከገለባው የተለየ ንጹሕ እህል ነበር፤ እህሉን በበሬ ያበራየው ወንድ ስለሆነ ምርቱም የእሱ ይመስል ነበር። ዛሬ ግን የወተት ምርት፣ የማር ምርት፣ የእንቁላል ምርት እንላለን። አምራች የሚለው ቃል ውስጥ እንደ አርሶ «እሱ» የለም፤ እርፍም የለም። ላሚቱን ያለበች፣ ጌሾውን ያደረቀች፣ ዘሩን የመረጠች ሴት አምራች ናት ሲባል ተከራካሪ አይነሳም። የሚያስፈልገው ቃሉን ከማኅበሩ ሰሌዳ ላይ አውርዶ መዝገቡ ውስጥ ማስገባት ነው። በአባወራው ወይም በእማወራዋ ስም ፋንታ የአምራቹ፣ የአምራቿ ስም ይጻፍ። ከአንድ ቤት ሁለት አምራች ካሉ ሁለት መስመር ይያዝ፤ መሬቱ ላይ ሁለት ፎቶ ተለጥፎ የለም ወይ? ሁለተኛው የመመዝገቢያ ገንዘብ ከከበደ ማኅበሩ ለባለትዳር ቤት ይቀንስ፤ ዕጣዋን በምታስገባው ወተትና እንቁላል ትክፈል። ገንዘቡም ወተቱን ላመጣች እጅ ይሰጥ። ስብሰባውም ከእሁድ ቅዳሴ መልስ ይሁን።

ይህ ሁሉ ሳይሆን «የግንዛቤ ማስጨበጫ» መጥራት፣ ገና ስሟ ስኒው ውስጥ ያልገባላትን ሴት ዕጣ አልወጣልሽም ብሎ መምከር ነው። መቼ ይደርሰኛል ብላ ለጠየቀች ሴት የሚገባት መልስ ቀኑና የብሩ ልክ ነው፤ ሥልጠናው ከዚያ በኋላ ይድረስ።